በእርሳስ የታረመው መጽሐፍ

መጽሐፉን ስጀምር ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ ታትሞ እጄ ሲገባ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። በመካከል ያለውን ዕድሜ የጨረስኩት እዚሁ ጂንካ፣ አባቴ በሠራው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ እያስተማርኩ ነው።

አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከእኔ በታች አንድ ወንድም አለኝ። እሱ ቀይ አፈር ገበያ ላይ እህል እየሸጠ ጀምሮ የራሱን አይሱዙ እስከ መግዛት ደረሰ። እኔ አላገባሁም። የጠየቁኝ ሰዎች አልጠፉም፤ ነገሩ ሳይሆን ሳይሆን ቀረ እንጂ። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ መጻፍ ጀመርኩ።

የመጽሐፉ ሐሳብ የመጣልኝ ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የአንድ ተማሪዬ ዕድሜ አከራክሮ ለምስክርነት ተጠርቼ፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከእኛ በፊት የቀረበው የአንድ አዛውንት ጉዳይ ነበር። ከወይጦ ሸለቆ በኩል የመጡ ከብት አርቢ ናቸው፤ ከብቶችህ የጥጥ እርሻ ገብተው በሉ ተብለው ተከሰዋል። አማርኛ አይችሉም። አጠገባቸው አንድ ቀጭን ወጣት አስተርጓሚ ቆሟል።

ዳኛው ክሱን አስነብበው ሲያበቁ፣ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ።

አዛውንቱ መናገር ጀመሩ፤ ብዙ ተናገሩ። ቋንቋውን ባልሰማም እጃቸውን አያለሁ። አንዴ ከፍ አድርገው ዛፍ የመሰለ ነገር ያሳያሉ፤ አንዴ ደግሞ ዝቅ አድርገው ወደ ታች የሚወርድ ነገር ያሳያሉ። በመጨረሻ ወደ አስተርጓሚው ዞረው ለእሱ ብቻ የሚመስል ነገር አሉት። ከዚያ ጨርሰው እጃቸውን አጣመሩ።

«ባጭሩ» አሉ ዳኛው።

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጥፋተኛ ነኝ ይላል» አለ።

ጸሐፊው ጻፈ። አዛውንቱ ዳኛውንና ወጣቱን እያፈራረቁ ያያሉ። ገና የሚነገርላቸው ነገር የቀረ መስሏቸው ይጠብቃሉ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ ሲያወጣቸው እንኳ ወደ ኋላቸው እየዞሩ ነበር። እኔ እሳቸውን ሳይ የአስተርጓሚውን ፊት ልብ ብዬ አላየሁትም።

ያ አስተያየታቸው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ያንኑ ይዤ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ። የሰው ረጅም ንግግር እያሳጠረ የሚኖር የአንድ አስተርጓሚ ታሪክ ነው። እርሻውን ያመጣውን ባለሀብት ጨመርኩበት፤ በወረቀት ላይ ጣቱን እንዲያሳርፍ የተደረገ ሽማግሌ ጨመርኩበት፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ የወረዳ አስተዳዳሪም አለበት። አዛውንቱ በዚያ ችሎት ምን ብለው እንደነበር ስለማላውቅ ንግግራቸውን ከራሴ ፈጠርኩት። ዓመታት ፈጀብኝ። ሲያልቅ በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና፣ ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ በካርቦን እያደረግኩ ራሴ መታሁት።

ያኔ ሳንሱር ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮም በጋዜጣም ተነግሯል። ልጅ ሆኜ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚያነብ የመንግሥት ክፍል እንደነበር እሰማ ነበር፤ አሁን ግን ሕጉ ማንም ማንንም አስቀድሞ መመርመር አይችልም ይላል። እኔም ይህን አምኜ፣ የክረምቱ ዕረፍት ሲጀመር ጽሑፌን በፌስታል ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አርባ ምንጭ አድሬ አዲስ አበባ ገባሁ።

ማተሚያ ቤቱ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነበር። ባለቤቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያደርጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቆመው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ደስ ያላቸው መሰለኝ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ይሄ ባለሀብት አለ?» አሉኝ።

«የለም። ፈጠራ ነው።»

«አስተዳዳሪውስ?»

«እሱም።»

«እህቴ፣ አንቺ ጂንካ ትቀመጫለሽ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገኘው የማተሚያው አድራሻ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፎ አለ። እኔም አብሬሽ ነው የምጠየቀው። ከዞናችሁ አንድ ደብዳቤ አምጪልኝ።»

«ምን የሚል?»

«ተቃውሞ የለንም የሚል።»

«ሳንሱር ቀርቷል እኮ» አልኳቸው።

«ቀርቷል» አሉ፤ ጽሑፉን አስተካክለው በሁለት እጃቸው እየመለሱልኝ። «ደብዳቤውን ይዘሽ ነይ።»

ጂንካ ስመለስ በቀጥታ ወደ ዞኑ ቢሮ ሄድኩ። ምክትል ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይርቁ፣ ከወይጦ በኩል የሆኑ ሰው ናቸው። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ቀስ ብለው፣ ቃል መርጠው ይናገራሉ፤ ሲቸኩሉ ብቻ ሴትና ወንዱን ያደበላልቃሉ። የቢሯቸው መስኮት ከተማው መሐል ወደነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ያያል። እየተነጋገርን ሳለ አውሮፕላን ሊመጣ ነው ተብሎ ዘበኛው ሣር ላይ የነበሩትን ላሞች ያባርር ነበር።

ጉዳዬን ነገርኳቸው።

«ሳንሱር እኮ የለም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ከሌለ ታዲያ ምን ብለን እንጽፍልሻለን? አይተን አልተቃወምንም ካልን፣ አይተናል ማለት ነው። ካየን ደግሞ ሳንሱር አድርገናል። ሕግ ጥሰናል።»

«እንግዲያው ሳንሱር የለም ብላችሁ ጻፉልኝ።»

«እሱን ሕጉ ጽፎታል። እኛ ለምን እንደግመዋለን?»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አላሾፉም። እሳቸውም እንደ እኔ መውጫ ያጡ ይመስላሉ። ትንሽ አሰቡና እጃቸውን ዘረጉ።

«እዚህ ተይው። እንደ ባለሥልጣን ሳይሆን እንደ ወንድም አነብልሻለሁ። ከዚያ ለሰውየው ስልክ እደውልለታለሁ።»

ተውኩት። የካርቦን ቅጂው ቤት አለ። ዝናቡ ዘንቦ ዘንቦ እስኪያባራ ድረስ ምንም አልሰማሁም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያለሁ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ፣ ዞኑ ቢሮ ትፈለጊያለሽ አለኝ።

ጽሑፌ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገና ስገባ ያየሁት ውፍረቱ መጨመሩን ነው፤ ተነብቦ ተነብቦ ወረቀቱ ተነፋፍቶ ነበር። ገለጡት። በየገጹ ዳር በቀጭን እርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። የቁጣ ምልክት ወይም የተሰረዘ መስመር ነበር የጠበቅሁት።

«ይሄ ዛፍ ወይጦ አይበቅልም» አሉ። «እዚያ ያለው ግራር ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ወንዙ ሞላ ብለሻል፤ በዚህ ወር አይሞላም። ይቺ ሴትዮ አማቷን በስሙ ጠርታዋለች፤ በኛ በኩል አትጠራውም። ይሄ ግን» አሉና አንድ ገጽ ላይ ቆሙ፣ «ልጅቷ ከገበያ ስትመለስ ያለው... ይሄን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።»

እስከ ዛሬ ድረስ ጽሑፌን እንደዚያ ያነበበልኝ ሰው የለም። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ «እየጻፍሽ ነው አሉ» ብለው ይጠይቁኛል፤ ስለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ግን አያውቁም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ሰው እኔ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች እንደ ጎረቤቱ እያነሣ ሲያወራልኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዳያዩብኝ ወደ ሜዳው ዞርኩ።

ከዚያ የችሎቱ ምዕራፍ ላይ ደረሱ። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይህንን ማን ነገረህ?» አሉኝ። አንተ እንዳሉኝ አላስተዋሉም።

«ማንም አልነገረኝም። ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ አይቼ ነው።»

«አስተርጓሚውን አይተኸዋል?»

«ፊቱን አላስታውሰውም።»

«እኔ ነኝ።»

ተነሥተው በሩን ገፋ አደረጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ገና ከትምህርት ቤት መውጣቴ ነበር» አሉ። «አማርኛ ትችላለህ ተብዬ ተቀጠርኩ። የምችለው የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ ነው። ሽማግሌው ሲናገሩ ሁሉም ገብቶኛል፤ በአማርኛ ግን የት እንደምጀምረው አላወቅሁም። ዳኛው ደግሞ ባጭሩ አሉ። ያለኝን ቃል ሰጠሁ።»

«ምን ነበር ያሉት?»

ሲናገሩ አንድም ቃል አልፈለጉም፤ ስንት ዓመት ሲያዘጋጁት እንደኖሩ ያስታውቃል።

«የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው እዚያ ግራር ሥር ነው አሉ። አጥሩ የታጠረው ከብቶቼ ውሃ ከሚወርዱበት መንገድ ላይ ነው። ከብቶቹ በመንገዳቸው ሄዱ። የበሉትን ጥጥ ካሳ ክፈል ካላችሁኝ እከፍላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ይምጣና ከእንግዲህ በየት በኩል ውሃ እንደሚወርዱ ያሳየኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አንተ የእህቴን ልጅ ታክላለህ፣ አደራ በደንብ ንገርልኝ አሉኝ።»

ውጭ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። እርሳሳቸውን አነሡና እኔ የፈጠርኩትን ንግግር ዳር ዳሩን ያሰመሩበትን አሳዩኝ።

«አንቺ የጻፍሽው ያምራል። ግን ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም። እንዲህ ነው ያሉት፤ አስተካክይው።»

«ሊታተም ነው ማለት ነው?»

«አይታተምም።»

«ታዲያ ለምን አስተካክለዋለሁ?»

«ስህተት ስለሆነ» አሉ፤ ሌላ ምን መልስ አለው እንደ ማለት።

ከዚያ የሥራ ፊታቸውን አመጡ። ሕዝብ በባለሀብት ላይ የሚያነሣሣ ጽሑፍ ነው ይባላል አሉኝ። መጀመሪያ አንቺ ትጠየቂያለሽ፣ ቀጥሎ ያነበበ ሰው ይጠየቃል አሉ። የችሎቱን ምዕራፍና የጣት ፊርማውን ካወጣሁ ግን ዛሬውኑ ለአታሚው እንደሚደውሉ ነገሩኝ። ከሁሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጆቼ አማርኛ ያነባሉ» አሉ። በእርሳስ ያረሙትን ቅጂ ግን አልመለሱልኝም። እኔ ጋ ይቆይ አሉ።

ቤቴ ገብቼ ካርቦኑን ዘረጋሁ። የነገሩኝን እርማት ሁሉ ሳይጠፋብኝ ጻፍኩት፤ የአዛውንቱን ንግግርም እንደተነገረኝ አስገባሁት። ሁለቱን ምዕራፎች አውጥቼ የቀረውን ለማንበብ ሞከርኩ። ታሪኩ ቆመ። ሰዎቹ ለምን እንደሚያዝኑ እንኳ አይታወቅም። ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና ቆለፍኩበት። ለእሳቸው ምንም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ ከቀይ አፈር መጣ። አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ገባ።

«ንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ስምሽን አነሡብኝ» አለኝ። «እህትህ ስለ እኛ መጽሐፍ ትጽፋለች አሉ ብለው እየሳቁ። የሳቁት ግን ለጨዋታ አይደለም።»

«ስለ እነሱ አይደለም የጻፍኩት።»

«ስለ ፍቅር ለምን አትጽፊም? ሰው ሁሉ ስለ ፍቅር ይጽፋል።»

«አልችልበትም።»

«ልጆች አሉኝ እኮ» አለ። ተቀመጥ አልኩት፤ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ለበዓል ብቅ ይል የነበረው ቀስ በቀስ ቀረ። እንደተጣላን እንኳ አይቆጠርም፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንሳሳማለን፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ስለ ኑሮ እናወራለን። ኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ሄደ።

ዓመታት በዚህ መልክ አለፉ። ጂንካ አስፋልት ገባላት፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ባጃጅ በዛ። እኔ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያውን ይዤ ልጆች ግጥምና ዜና እንዲያቀርቡ አለማምዳለሁ። ከዚያ ውጭ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። የጊቢውን ግማሽ ከወላይታ ለመጣች ልብስ ሰፊ አከራየሁ። እሷ ወደ ጸሎት ቤቷ ስትሄድና ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ «ቲቸር፣ ደኅና ነሽ?» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ውጭ የሰው ድምፅ የምሰማው ያንን ብቻ ነበር።

ከዚያ ለውጥ መጣ ተባለ። ሰው የፈለገውን ይናገራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በፊት የተከለከሉ መጻሕፍት መንገድ ላይ ይሸጣሉ አሉ። ሳጥኑን ከፈትኩ። ካርቦኑ ደብዝዞ ነበር። እንደገና በኮምፒውተር አስጻፍኩትና ወደ አንድ ሌላ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። ሽፋኑ ምን ዓይነት ይሁን ከማለት በስተቀር የጠየቁኝ ነገር የለም። አንዲት ቃል አላነበቡም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ፤ አንድ ሰው አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ይህ ምንድን ነው እንዲለኝ ሳልፈልግ አልቀረሁም።

መጽሐፉ በካርቶን ታሽጎ በአውቶቡስ ጣሪያ ጂንካ ደረሰ። የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ደብተር ጎን ደረደረልኝ። አስተማሪዎቹ ለአብሮነት ያህል ገዙልኝ። ምረቃ ይደረጋል የተባለበት አዳራሽ ለስብሰባ ተፈልጎ ቀረ። ከተማው ውስጥ ስሄድ ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል፤ ያነበበ ሰው ግን አላገኘሁም።

አንብቦ የመጣው የመጀመሪያው ሰው መጥሪያ ይዞ ነው የመጣው። ከሳሹ ከወይጦ ወንዝ በታች እርሻ ያላቸው ባለሀብት ናቸው። ወደ ዞኑ ከመጡ ጥቂት ዓመታቸው ነው፤ እኔ ስጽፍ እሳቸው የት እንደነበሩ እንኳ አላውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ባለሀብት እኔ ነኝ፣ ስሜ ጠፍቷል፣ ካሳ ይገባኛል ብለዋል። ማስረጃቸው የወርቅ ጥርስ ነው። እኔ ለፈጠርኩት ሰው የወርቅ ጥርስ ሰጥቼው ነበር፤ እሳቸውም የወርቅ ጥርስ አላቸው።

ጠበቃ ፈለግሁ። አንዱ ሥራ በዝቶብኛል አለ፤ ሌላው ሰውየው ደንበኛዬ ነው አለኝ። መልሴን ራሴ ጽፌ ብቻዬን ቀረብኩ።

«ተከሳሽ፣ ይህ ሰው ማን ነው?» አሉኝ ዳኛው፤ መጽሐፉን ከፍ አድርገው።

«የፈጠርኩት ሰው ነው።»

«የወርቅ ጥርሱስ?»

«እሱንም ፈጥሬው ነው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ከሳሹ አልሳቁም፤ አፋቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን የጻፍኩት እሳቸው ወደዚህ ከመምጣታቸው ብዙ ዓመት አስቀድሜ መሆኑን ተናገርኩ። ካርቦኑን አሳየሁ። ዳኛው አገላብጠው አዩትና፣ «ቀን የለበትም» አሉ። «ያኔ መጻፉን የሚያውቅ ምስክር አለሽ?»

«አለኝ» አልኩ።

ጉዳዩ እስኪወሰን መጽሐፉ እንዳይሸጥ እግድ ተሰጠ። ሱቅ የነበረውም ቤቴ የነበረውም ተሰብስቦ ፍርድ ቤቱ ግቢ ካለው መጋዘን ገባ። በማግስቱ ትምህርት ቤት የሻይ ክፍል ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ርእሰ መምህሩ ጠርቶኝ በትሕትና፣ «ጉዳይሽ እስኪያልቅ ሚኒ ሚዲያውን ሌላ ሰው ይያዘው» አለኝ። አልተከራከርኩም። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት የሚያነቡት ዜና ከሰልፉ ሜዳ ሲሰማኝ መስኮቱን እዘጋለሁ።

ምክትል ኃላፊው የነበሩት ሰው በሕመም ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጥተው ቀይ አፈር እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከመንገዱ ትንሽ ገባ ያለ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ሲያዩኝ ሳይደነቁ ወንበር አስመጡልኝ። ባለቤታቸው ውሃ አቀረበችልን።

ከመወረስ የተረፈችልኝን አንዷን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«የታገደ መጽሐፍ ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ» አሉና ተቀበሉኝ። ሽፋኑን አላዩም። ገለጥ ገለጥ አድርገው በቀጥታ የችሎቱን ምዕራፍ አገኙት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። ከመንገዱ የከብት ድምፅና የገበያተኛው ጫጫታ ይመጣል። ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ገጹ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ።

«አሁን ትክክል ነው» አሉ።

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ሌላ ምንም አይፈለግም፤ ያን ጊዜ እንዳነበቡት ብቻ ይናገሩ፤ በእርሳስ ያረሙት ቅጂ ካለም ይበቃል አልኳቸው።

«ቅጂው ቢሮ ቀርቷል። ቢሮው ስንት ጊዜ ተዛወረ፣ ወረቀቱ የት እንደገባ ማን ያውቃል።»

«እርስዎ ቢናገሩ ይበቃል።»

«ምን ብዬ? አነበብኩ ልበል? በምን ሥልጣን አነበብክ ይሉኛል። ሳንሱር አልነበረም እኮ።»

«እንደ ወንድም አነብልሻለሁ ብለው ነው የወሰዱት።»

«በቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ በቢሮ ሰዓት?» አሉ። ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። «ልጆቼ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። አባታችሁ መጽሐፍ ያግድ ነበር ይባላሉ። ሐሰትም አይደለም።»

ልለምናቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ። እሳቸው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ሌላ ሰው ተናግሬ አውቃለሁ» አሉ። «አልሆነልኝም። እንደገና አልቆምም።»

ልሄድ ስነሣ መጽሐፉን የሚመልሱልኝ መስሎኝ ነበር። በጋቢያቸው ሸፈኑትና በሌላ እጃቸው ከዘራቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሚኒባሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። አልተናደድኩባቸውም ብል እዋሻለሁ፤ ግን እስከ ጂንካ ድረስ ጆሮዬ ላይ የሚመላለሰው «አሁን ትክክል ነው» ያሉት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

ምስክሬን ሳላቀርብ ቀረሁ። ቀጠሮው ተራዘመ፤ ዳኛው ተቀየሩ፤ ደግሞ ተራዘመ። በየቀጠሮው ልብሴን አስተካክዬ እሄዳለሁ፣ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ ስሜ ይጠራል፣ እመለሳለሁ። ከሳሹ መጀመሪያ መምጣት አቆሙ፣ ከዚያ ጠበቃቸውም ቀረ። እርሻውን ለሌላ ሰው አስተላልፈው ከዞኑ ወጥተዋል አሉ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ከሳሽ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል ተባለ።

«አሸነፍኩ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«መዝገቡ ተዘግቷል» አሉ ዳኛው፤ ትዕግሥት ባለው ድምፅ። «እግዱ ተነሥቷል። መጽሐፍሽን መውሰድ ትችያለሽ።»

የሰው ስም አጥፍተሻል ያለኝ የለም፤ አላጠፋሽም ያለኝም የለም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ቁልፉን ይዞ አብሮኝ ሄደ። ካርቶኖቹ መሬት ላይ ነበር የተቀመጡት። የመጀመሪያውን ላነሣ ስል ከሥሩ ተበጥሶ ወደቀ፤ አፈር ፈሰሰ። ምስጥ ነው። ከታች ጀምሮ እየበላ ወደ ላይ ወጥቷል። ከውጭ ሲታይ ሙሉ የሚመስለው መጽሐፍ ሲገለጥ ሆዱ የለም።

ሠራተኛው ደንግጦ፣ «እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው የገባው» አለኝ።

«አንተን አላልኩም» አልኩት።

ባጃጅ ጠርቼ የሚነሣውን አስጫንኩ። ቤቴ ጊቢ ውስጥ ዘርግቼ ለየሁት። ፈጽሞ የማይሆነውን ከአትክልቱ ሥር ቀበርኩ። ግማሽ በግማሽ የተረፉትን አራግፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ደኅና የተረፈው በእጅ የሚያዝ ያህል ነው። የሱቁ ባለቤት እንደገና ልደርድርልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እስቲ አስብበታለሁ አልኩት፤ ሳስብ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ።

አንድ እሑድ አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ከተበሉት አንዱን አነሣሁ። አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቀዳዳ ሲያጋጥመኝ የጎደለውን ከአእምሮዬ እየሞላሁ፣ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። የሰዎቹን ንግግር እንደየድምፃቸው እያደረግኩ ሳነብ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ። ልብስ ሰፊዋ ከጸሎት ቤት ተመልሳ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝ።

«ቲቸር፣ እንግዳ አለሽ እንዴ?»

«የለም፤ እያነበብኩ ነው።»

«እኔማ የብዙ ሰው ድምፅ ስሰማ ሰው መጣላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ደኅና እደሪ ብላኝ ገባች፤ በሯን ስትዘጋ ሰማሁ።

ገጹን ፈልጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ።